አፍንጫው አይጠራጠርም

ሰሞኑን አንድ ጀማሪ የአደን መሪ «ጋሼ፣ የሰውን ጠረን የሚያጠፋው ስፕሬይ አዲስ አበባ ይገኛል?» አለኝ። ዩቲዩብ ላይ አይቶት ነው። ሳቅሁ። ወዲያው ግን አንድ የባሌ ሽማግሌ ትዝ አሉኝና ቆጨኝ።

እሳቸው ዱካ ተከታይ፣ እኔ አስተርጓሚ ነበርኩ። ፈቃድ ያለው ፈረንጅ አዳኝ ይዘናል። ጎህ ሲቀድ ከታች፣ አስታ በሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ ዳር፣ አንድ ትልቅ ወንድ የደጋ አጋዘን ቆሟል። ፈረንጁ እንውረድ አለ። ሽማግሌው ከጨርቅ ቋጠሮ አመድ ቆንጠር አድርገው ለቀቁት። ቁልቁል ሄደ። ቀዝቃዛ አየር ጠዋት ወደ ታች ነው የሚፈሰው፤ ጠረናችንን ይዞ። «ፀሐይ ትምታው» ብለው ቁጭ አሉ።

ተራራው ሲሞቅ አመዱ ሽቅብ ጀመረ። ወረድን። መሀል ላይ ድንጋይ ከእግሬ ሥር ተንከባለለ። አጋዘኑ ጆሮውን አቀና፣ አፍጥጦ አየን፣ ከዚያ ወደ ግጦሹ ተመለሰ። ዓይንና ጆሮው ይጠራጠራሉ፤ ማረጋገጫ ይፈልጋሉ።

ትንሽ ቆይቶ ሽማግሌው በቃ ብለው ዞሩ። ፀሐይዋ ገና አልተጋረደችም። ፈረንጁ በምልክት ይለምናቸዋል። ደመናው መጣ፣ ነፋሱ ዞረ። አጋዘኑ ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን እንደ ውሻ ጮኸና አስታው ውስጥ ገባ።

በምን አወቁ? ላብ ያለበት ማጅራታቸው ላይ ቅዝቃዜው ቀድሞ ተሰምቷቸው ይሆን? አልጠየቅኳቸውም። ወሬዬ ሁሉ ከፈረንጁ ጋር ነበር። በሌላ ጊዜ ስመለስ አርፈዋል።

ጠረን አይጠፋም፣ ልጆች። ትንፋሽ አለ፣ ላብ አለ። ከሦስት ሺህ ሜትር በላይ ዳገት እየወጣችሁ የጠዋቱ ሻወር የት ይደርሳል? እናንተ ደግሞ ለሁሉም ነገር አፕ ትከፍታላችሁ። አፑ የሚነግራችሁ የሰፊውን አካባቢ ነፋስ ነው፤ ሸለቆው የራሱ አለው። እርግጥ እኔም ጫካ ልገባ ስል ሽታ ያለው ሳሙና አልነካም። ባለቤቴ ትስቅብኛለች። ልክ ናት መሰለኝ።

ለልምምድ ዲንሾ፣ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ግቢ ሂዱ። እዚያ አጋዘኖቹ ሰው አጠገብ ይግጣሉ፤ የሚተኩስባቸው ስለሌለ ጠረናችን አያስበረግጋቸውም። ጆሯቸውን፣ አቋማቸውን በደንብ ታጠናላችሁ። ነፋስን ግን እዚያ አትማሩም። ለሱ አመድ ቋጥራችሁ፣ ጠዋትና እኩለ ቀን፣ አንድ ሸለቆ ላይ ደጋግማችሁ መቀመጥ ነው።