ስለ አልትራሳውንድ ምስል ጠይቁኝ

ለገጣፎ መውጫ አካባቢ አንድ መካከለኛ ክሊኒክ ውስጥ አልትራሳውንድ እሠራለሁ። ዛሬ ተረኛ አይደለሁም፤ ስለ ምስል ጥራት የፈለጋችሁትን ጠይቁ። የግል ውጤት ግን እዚህ አላነብም።

ጥ፦ ሰፈራችን ያለው ክሊኒክ ሁሉ «ባለ ፎርዲ ከለር» ብሎ ለጥፏል። ከተራው ይሻላል እንዴ? የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

መ፦ በሰላም ያገላግልሽ፣ እህቴ። ከለሩ ልጁን በቀለም አያሳይሽም። ዶፕለር ነው፤ ቀይና ሰማያዊው ደሙ ወደ ፕሮቡ (ሆድሽ ላይ ወደምናስኬደው መሣሪያ) እየመጣ ወይስ እየራቀ መሆኑን ነው የሚነግረን። ፎርዲ ማለት የሚንቀሳቀስ ስሪዲ፣ ማለትም ቅርጹን ከነጥልቀቱ የሚያሳይ ምስል ነው። ፊቱን ማየት ደስ ይላል፤ የጭንቅላቱን ስፋትና የጭኑን አጥንት የምንለካው ግን በዚያው በተራው ጠፍጣፋ ጥቁርና ነጭ ምስል፣ በቱዲ ነው።

ጥ፦ የራዲዮሎጂ ተማሪ ነኝ። ማሽኑ ላይ የሚበሩና የሚጠፉት ሃርሞኒክና ኮምፓውንድ የሚባሉት ሁለቱም ምስል ያጠራሉ ይሉናል። የትኛው ይበልጣል?

መ፦ ሥራቸው ለየቅል ነው፣ ወንድሜ። በሃርሞኒክ ድምፁን ለምሳሌ በ2 ሜጋኸርዝ (የድምፁ ንዝረት ፍጥነት ነው) ትልካለህ፣ በእጥፉ በ4 ትቀበላለህ። እጥፉ ማዕበል የሚወለደው ድምፁ በሰውነት ውስጥ ሲጓዝ ስለሆነ ከቆዳና ከስብ የሚነሳው ጭጋግ አብሮ አይመጣም። ወፈር ያለ ሰው ላይ ልዩነቱን ወዲያው ታያለህ፤ ሐሞት ከረጢቱ ጥቁር ሆኖ ይጠራል። ጥልቀት ላይ ግን ይደክማል፣ የጉበቱ ጀርባ ከጠፋብህ አጥፋው።

ኮምፓውንድ ያንኑ ቦታ ከተለያየ አንግል አይቶ ምስሎቹን ያዋህዳል። አሸዋ የመሰለው ነጠብጣብ ይለሰልሳል፣ ጠርዙ ይለያል። እንቅርት ሳይ አላጠፋውም። ሐሞት ላይ ግን አንድ ቀን ሊያሳስተኝ ነበር። ቅባት ሲበሉ ቀኝ ጎናቸውን የሚወጋቸው አንዲት እናት መጡ። ከረጢቱ ውስጥ የምታበራ ነጥብ አየሁ፤ ጠጠር ከሥሩ የሚጥለው ጥላ ግን የላትም። «ፖሊፕ» (ከግድግዳው የበቀለ ሥጋ) ብዬ ልጽፍ ስል እጄ ከብዶኝ ኮምፓውንዱን አጠፋሁት። ከነጥቧ ሥር ጥቁር ጥላ ቀጥ ብሎ ወረደ። «እማማ፣ እስኪ በግራ ጎንዎ ይተኙ» አልኳቸው፤ ነጥቧ ተንከባለለች። ጠጠር ነበረች። ጥላው በየአንግሉ ወደተለያየ ጎን ስለሚያጋድል፣ ሲዋሃድ ይደበዝዛል። ቆንጆው ምስል ላይ ምልክቱ አልነበረም፣ ሻካራው ላይ ነበር።

ጥ፦ ቡራዩ ትንሽ ክሊኒክ ልከፍት ነው። ገንዘቤ ለአንድ ፕሮብ ብቻ ነው የሚበቃው።

መ፦ ኮንቬክስ፣ ማለትም ፊቱ ቆልመም ያለውን ይግዙ፣ ከ2 እስከ 5 ሜጋኸርዝ ያለውን። ፊቱ ቀጥ ያለው ሊኒየር ለአንገትና ለጡት ጥርት ያለ ነው፣ ሆድ ውስጥ ግን አይዘልቅም። ድምፁ በእያንዳንዱ ሴንቲሜትር፣ በእያንዳንዱ ሜጋኸርዝ ግማሽ ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይደክማል። 10 ሴንቲሜትር ገብቶ ሲመለስ ባለ 3 ሜጋኸርዙ 30 ዴሲቤል ያጣል፣ እንደ ሊኒየሩ ያለው ባለ 10ሩ 100። ከ100 በኋላ የሚቀር ነገር የለም።

ጥ፦ ጄኔሬተር ሲነሳ ስክሪኑ ላይ የሚሯሯጥ መስመር ይመጣል። ፕሮቡ ተበላሽቶ ነው?

መ፦ ማሽኑ ባትሪ ካለው ከሶኬት ነቅለህ እየው። መስመሩ ከጠፋ ፕሮቡን ተወውና ኧርዙን (ወደ መሬት የሚወርደውን የኤሌክትሪክ ሽቦ) አስፈትሽ።

ጥ፦ ክፍሉን ለምን ታጨልማላችሁ? ያስፈራል እኮ።

መ፦ ግራጫውን ከግራጫ ለመለየት ነው። ብርሃን ስክሪኑ ላይ ካረፈ ደህናው ማሽንም ይደበዝዛል። እኛ ጋ መጋረጃው ቀዳዳ ስላለው ከሰዓት በኋላ ካርቶን እንለጥፍበታለን።