ሞጁሉን አንብቤ ለምን አይገባኝም? የተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ለአንደኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የንባብ ክህሎት አስተምራለሁ። ስለ ንባብ ያላችሁን ጠይቁ፤ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሞጁሉን ሦስት ጊዜ አንብቤ ፈተና ላይ ይጠፋብኛል። ምን ላድርግ?

አራተኛውን ንባብ ተወውና ሞጁሉን ዝጋው። ደጋግመን ስናነብ ዓይናችን ጽሑፉን ይለምደዋል፤ የለመድነውን ደግሞ ያወቅነው ይመስለናል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ የተማሪዎች ቡድን ጽሑፉን በተደጋጋሚ አጠና። ሌላው አንድ ዙር ካጠና በኋላ ጽሑፉን ሳያይ ያስታወሰውን ደጋግሞ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ የመጀመሪያዎቹ በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን እነሱ 40 በመቶ ያህሉን ሲያስታውሱ፣ ሲጽፉ የነበሩት 61 በመቶውን አስታወሱ። ስለዚህ አንድ ንዑስ ርዕስ እንደጨረስህ ገጹን ሸፍነህ የገባህን በራስህ ቃል ጻፍ፤ ከዚያ ገልጠህ አስተያይ። እንደገና መነበብ ያለበት የጎደለው ክፍል ነው። መጀመሪያ ላይ ወረቀቱ ባዶ ሊሆን ይችላል፤ አትደንግጥ፣ ቀጥል።

ጥያቄ፦ እንግሊዝኛው ይከብደኛል። በየመስመሩ መዝገበ ቃላት እከፍታለሁ።

በየመስመሩ ከቆምሽ የሐሳቡ ክር ይበጠሳል። አንቀጹን እስከ መጨረሻው አንብቢና የከበዱሽን ቃላት በእርሳስ ምልክት አድርጊባቸው። ከእነሱ ውስጥ ተደጋግሞ የሚመጣውን፣ ወይም ያለ እሱ ሐሳቡ የማይያዘውን ብቻ ፈልጊ። እንደ «ሀውኤቨር» (ሆኖም) እና «አንለስ» (ካልሆነ በቀር) ያሉትን ትንንሽ ቃላት ግን በፍጹም አትዝለይ፤ አንዷን መሳት የአንቀጹን ትርጉም ይገለብጣል። ሐሳቡን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም በሶማልኛ ለራስሽ አስረጂ፤ ነውር የለውም። ፈተናው በእንግሊዝኛ ስለሆነ የትምህርቱን ቁልፍ ቃላት ግን በእንግሊዝኛ ያዢ።

ጥያቄ፦ በቀለም ማስመር ይጠቅማል?

ብቻውን ብዙም አይጠቅምም። አንቀጹን ሳትጨርስ አታስምር፤ ዋናው ሐሳብ የቱ እንደሆነ ገና አላወቅህምና።

ጥያቄ፦ የቀደሙ ተማሪዎች ያዘጋጁት አጭር ማስታወሻ አይበቃም?

ለክለሳ ይጠቅማል፤ ለመረዳት አይበቃም። የሌላ ሰው ማስታወሻ ብዙውን ጊዜ መደምደሚያውን ይዞ ምክንያቱን ይተዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች የሚወስዱት የመውጫ ፈተና ደግሞ ከዓመታት በፊት የተማራችሁትን ጭምር ይጠይቃል። ለአንድ ሌሊት የተሸመደደ ነገር እስከዚያ አይቆይም።

ጥያቄ፦ ምዕራፉ ስልሳ ገጽ ነው። ከየት ልጀምር?

ከማጠቃለያው። ቀጥለሽ ንዑስ ርዕሶቹን ወደ ጥያቄ ለውጪ፤ «የዋጋ ግሽበት መንስኤዎች» የሚለውን «ዋጋ የሚንረው ለምንድን ነው?» ብለሽ ጻፊና መልሱን እየፈለግሽ አንብቢ። ስልሳውንም ገጽ በአንድ ቀን አትያዢ፤ ለአራት ቀን ከፋፍለሽ፣ በየማለዳው የትናንቱን ሳታዪ ለማስታወስ ሞክሪ።