የአንባብያን ጥያቄና መልስ፦ ክር፣ አዲስ ቋንቋና የታሪክ መጽሐፍ

ጥያቄ፦ በሁለት መርፌ የሹራብ ስካርፍ በ40 ቀለበት (መርፌው ላይ በተያዘ የክር ዙር) ጀምሬ አንድ ስንዝር ያህል ከሠራሁ በኋላ ብቆጥር 47 ሆኖ አገኘሁት። ሳልጨምር ከየት መጣ?

መልስ፦ ሥራውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ይዩት። መሃሉ ላይ ትንንሽ ቀዳዳ ካለ፣ ክሩን ከኋላ ወደ ፊት ሲያመጡ በመርፌው ላይ ተጠምጥሞ አልፏል፤ በሚቀጥለው ረድፍ ያንን ጥምጥም እንደ ቀለበት ቆጥረው ሠርተውታል። ክሩ ማለፍ ያለበት በሁለቱ መርፌዎች ጫፍ መካከል ነው።

ቀዳዳ ሳይኖር ጠርዙ ብቻ እየሰፋ ከሄደ ግን ጥፋቱ ያለው የረድፉ መጀመሪያ ላይ ነው፤ ጀማሪን በብዛት የሚያሳስተውም ይኸው ነው። ሥራውን ሲያዞሩ ክሩ በመርፌው አናት በኩል ወደ ኋላ ከሄደ፣ የመጀመሪያውን ቀለበት ሽቅብ ይጎትተዋል። ያኔ ከሥሩ ያለው ቀለበት ሁለት እግሮች መርፌው ላይ ይወጡና ሁለት ቀለበት ይመስላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ክሩን ከመርፌው በታች ወደ ፊት ጎትተው ያንጠልጥሉት፣ ከዚያ በመርፌው ሥር ወደ ኋላ ይውሰዱት።

የተሠራው አንድ ስንዝር ብቻ ስለሆነ ይተርትሩት። ሁለት ሁለቱን አጣምሮ ወደ 40 መመለስ ይቻላል፤ የተጣመመው ጠርዝ ግን እንደተጣመመ ይቀራል። ከመተርተርዎ በፊት፣ ጥፋቱ ባልጀመረበት ረድፍ ላይ ቀለሙ የተለየ ቀጭን ክር በስፌት መርፌ በ40ውም ቀለበት ውስጥ ያሳልፉ። ትርተራው እዚያ ሲደርስ ይቆማል፣ አንድም ቀለበት አያመልጥም። ከዚያ በኋላ በየ10 ቀለበቱ መርፌው ላይ ትንሽ የክር ቋጠሮ ያንጠልጥሉ፤ 47 እስኪሆን አይጠብቁም።

ጥያቄ፦ ሹራብ እየሠራሁ አዲስ ቋንቋ ማጥናት እችላለሁ?

መልስ፦ ማዳመጥ ይችላሉ፤ አዲስ ቃል መያዝ ግን ዓይንና እስክሪብቶ ይፈልጋል። ስለዚህ ክሩን ከማንሳትዎ በፊት 20 ደቂቃ ቁጭ ብለው ከ10 እስከ 12 ቃል ያጥኑ፣ ደብተሩን ከድነው ትርጉማቸውን በቃልዎ ይጻፉ፣ ከዚያ ይገልብጡና ያርሙ። ደጋግሞ ከማንበብ ይልቅ ተሳስቶ ማረም ይበልጣል።

ቀጥሎ እነዚያ ቃላት ያሉበትን የ3 ወይም የ5 ደቂቃ ቅጂ እየሰሙ ይሥሩ። ረድፉ ሲያልቅ ቅጂውን ያቁሙና የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብለው ይድገሙት። ለዚህ የሚሆነው ሁሉም ረድፍ አንድ ዓይነት የሆነበት ሥራ ነው፤ ሥዕል ያለውን ሹራብ ለዝምታ ሰዓት ይተዉት። ቃላቱን በማግስቱ፣ በሦስተኛው ቀንና በሳምንቱ ይከልሱ። ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው ብዙው የሚረሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነውና ማግስቱን አይዝለሉት።

ቀለበት በሚማሩት ቋንቋ መቁጠር ጥሩ ልምምድ ነው። ቅጂ እየሰሙ ግን አይቁጠሩ፤ ተናጋሪው «አሥራ ስድስት» ባለ ቁጥር ቆጠራዎ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ አንዱ የታሪክ መጽሐፍ ሹራብ ግብፅ ውስጥ በ4ኛው ክፍለ ዘመን ነበረ ይላል፣ ሌላው ከ11ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው ይላል። ማንን ልመን?

መልስ፦ ሁለቱ የሚያወሩት ስለተለያየ ዕቃ ነው። ጣታቸው ለሁለት የተከፈለው የጥንት ግብፅ ካልሲዎች የተሠሩት በአንድ መርፌ ነው፤ የክሩ ጫፍ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ እያለፈ። ላይ ላዩን ሹራብ ስለሚመስሉ የቆዩ የሙዚየም መዝገቦች «ሹራብ» ብለዋቸዋል። ልዩነቱን ከላይ የተረተሩት ስካርፍ ያስረዳዎታል፦ የሹራብ ክር ጫፉ ሲሳብ ይተረተራል፣ የአንድ መርፌው ሥራ ግን እንዲህ በቀላሉ አይፈታም። በሁለት መርፌ ለተሠራው ሁለተኛው መጽሐፍ ይሻላል።

የእንግሊዛዊው ዊልያም ሊ 1589ም (እ.ኤ.አ.) እንደ መነሻ ተጽፎ ካገኙ፣ እሱ የካልሲ መሥሪያው ማሽን ዓመት ነው፤ በእጅ መሥራቱ ከዚያ በፊት የቆየ ነው።