ወግ አጥባቂ የተባለ ተወዳዳሪን እንዴት ልመዝነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ዜግነት አግኝተሽ እዚሁ ሰሜን ቨርጂኒያ ለመጀመሪያ ጊዜ ልትመርጪ ነው። በወረዳሽ ለስቴቱ ምክር ቤት የሚወዳደረውን ሰው «ወግ አጥባቂ ነው፣ እንደኛ እግዚአብሔርን የሚፈራ ነው» ብለውሻል። «ይሄን ሰምቼ ብመርጠው ምን ችግር አለው?» ነው ያልሽው።

ችግር የለውም፣ ድምጹ ያንቺ ነው። ግን የስቴቱ ዋና ከተማ ሪችመንድ ሄዶ ምን እንደሚሠራ ከዚህ ብቻ አታውቂም። እኔ ማናሳስ ፓርክ ስኖር ደሌጌታችን (የታችኛው ምክር ቤት ተወካያችን) ቦብ ማርሻል ነበር። በፈረንጅ ከ1992 እስከ 2018 መጀመሪያ፣ 26 ዓመት ያቺን ወንበር ይዟል። ሪፐብሊካን፣ ካቶሊክ፣ ጽንስ ማቋረጥን አጥብቆ የሚቃወም። ቨርጂኒያ ውስጥ ከእሱ የባሰ ወግ አጥባቂ አምጪ ብትባዪ ትደክሚያለሽ።

ስሙ የገነነው በጋብቻ ጉዳይ ነው። ጋብቻ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት ብቻ ነው የሚል ማሻሻያ ከሴናተር ስቲቭ ኒውማን ጋር ሆኖ ለስቴቱ ሕገ መንግሥት አቀረበ። ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም። ምክር ቤቱ ሁለት ጊዜ ማጽደቅ አለበት፣ በመሀል ምርጫ ይደረጋል፣ ከዚያ ለሕዝብ ይቀርባል። ኅዳር 2006 ላይ 57 በመቶ ድምጽ አግኝቶ አለፈ። ያኔ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሽ ውስጥ ወሬው ሁሉ እሱ ነበር። ለሌላው ሁሉ ዴሞክራት የሚመርጡ እናቶችና አባቶች እዚህች ላይ «አዎ» አሉ። በ2014 ግን የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሻሩት። ስምንት ዓመት መሆኑ ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያውቀውን ልንገርሽ። እኔ ያኔ ታክሲ ነበር የምነዳው፣ በሩት 28 ወደ ደለስ ኤርፖርት እመላለሳለሁ። መንገዱን የምታውቂው ከሆነ መጨናነቁን ማስረዳት አያስፈልገኝም። በ2007 ምክር ቤቱ ለዚህ አካባቢ መንገድ ገንዘብ ይሰብሰብ ብሎ ወሰነ። ግን ታክሱን ራሱ መጣሉን ፈራና ሥልጣኑን የሰሜን ቨርጂኒያ የትራንስፖርት ባለሥልጣን ለሚባል መሥሪያ ቤት ሰጠው። የመኪና ጥገና፣ የመኪና ምዝገባ፣ ሆቴል፣ ሁሉም ላይ ጭማሪ መጣ። ለእኛ ለሾፌሮች ጥገና ላይ ታክስ ማለት በቀጥታ ከኪስ የሚወጣ ነው። ማርሻል ከሌሎች ጋር ሆኖ ከሰሰ። «ሕዝብ ያልመረጠው አካል ታክስ መጣል አይችልም» ነው ክርክሩ። የካቲት 2008 መጨረሻ ላይ የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሙሉ ድምጽ ፈረደለት። ታክሱ ቀረ፣ የተሰበሰበውም እንዲመለስ ሆነ።

ደስ አለን፣ አልዋሽሽም። በሕጉም በኩል ሰውዬው ልክ ነበር ብዬ አምናለሁ። ግን መንገዱም ያንን ገንዘብ አጣ። ምክር ቤቱ ራሱ ታክሱን የጣለው በ2013 ነው። እስከዚያ ሴንተርቪል ጋ መኪና ላይ መኪና ተደርድሮ ቆመናል። እንግዲህ ይሄን ጠቀመን ትይዋለሽ ወይስ ጎዳን? ቤተክርስቲያን ውስጥ ስለ ማርሻል ሲወራ ይሄ ጉዳይ ሲነሳ ሰምቼ አላውቅም።

ማርሻል ያቀረበው ሌላው ብዙው የሕግ ረቂቅ ሳይጸድቅ የቀረ ነው። በ2012 ጽንስ የሰው መብት ይኑረው የሚል አቀረበ፣ ታችኛው ምክር ቤት አለፈ፣ ሴኔቱ አቆየው። ቨርጂኒያ የራሷ ገንዘብ ቢኖራት ይጠና የሚልም አምጥቶ ነበር (ጉድ ነው!)፣ እሱም ሴኔት ላይ ሞተ። በ2017 ትራንስጀንደር ተማሪዎች የትኛውን መጸዳጃ ይጠቀሙ የሚለውን አቀረበ። ይሄኛውን የራሱ ፓርቲ የሚመራው ንዑስ ኮሚቴ ነው የቀበረው። በዚያው ዓመት ኅዳር ዳኒካ ሮም አሸነፈችው። የቀድሞ ጋዜጠኛ ናት፣ ራሷም ትራንስጀንደር። ክርክር እንግጠም ስትለው እምቢ አለ። እሷ ግን በየቤቱ እየዞረች የምታወራው ስለ ሩት 28 ነበር። 54 በመቶ ገደማ አገኘች።

ስለዚህ ተወዳዳሪሽ ቀድሞ ምክር ቤት የነበረ ከሆነ የቨርጂኒያ ምክር ቤት ዌብሳይት ላይ ስሙን ፈልጊ። ያቀረበው ረቂቅ ሁሉ፣ የት እንደደረሰ፣ ማን ምን ድምጽ እንደሰጠ ተዘርዝሯል። ብዙው «ኮሚቴ ቀረ» የሚል ታገኛለሽ፣ አትደንግጪ፣ የሁሉም እንደዚያ ነው። ገንዘብ የሰጡትንም እዪ። ቨርጂኒያ ለምርጫ የሚሰጥ ገንዘብ ላይ ጣሪያ የለም።

ሥራው ያለው ረቂቆቹ መጀመሪያ በሚታዩበት ኮሚቴ ውስጥ ነው። በ2015 ኡበርና ሊፍት፣ በስልክ የሚጠሩት መኪኖች፣ ሕጋዊ ሲደረጉ ከጓደኞቼ ጋር በሌሊት ተነስተን ሪችመንድ ወርደን ነበር። ጠባብ ክፍል፣ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ለተናጋሪ የሚሰጠው ደቂቃ ቢጤ ነው። አንዱ ጓደኛችን መንገድ ሙሉ ሲያጠና የመጣውን ሳይጨርስ «እናመሰግናለን፣ ቀጣይ» ተባለ። ምክር ቤቱ አንዱን ዓመት 60 ቀን፣ ሌላውን 45 ቀን ገደማ ነው የሚቀመጠው። የአንድ ደሌጌት ደመወዝም ለብዙ ዓመት 17,640 ዶላር ነበር። ስለዚህ አብዛኞቹ ሌላ ሥራ አላቸው፣ ወይ ጡረተኛ ናቸው። ያንቺን ጉዳይ ቀድሞ የማያውቅ ሰው እዚያች ደቂቃ ውስጥ አያውቀውም።

ቤትሽ መጥቶ ካንኳኳ ስለ እምነቱ አትጠይቂው፣ እሱን ራሱ ይነግርሻል። የትኛው ኮሚቴ መግባት እንደሚፈልግ፣ ለልጆችሽ ትምህርት ቤትና ለመንገድሽ ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ጠይቂው። ቨርጂኒያ ስትመዘገቢ ፓርቲ ምረጪ አይሉሽም። ቀደም ብሎ መምረጥ የሚጀምረው ደግሞ ከምርጫው 45 ቀን በፊት ነው። የምርጫው ቀን ሥራ ካለብሽ በዚህኛው ተጠቀሚ።