ጠላት መሃል ለመስፈር ማን እሺ ይላል?

ጥያቄ፦ የጥንት ሮማውያን ባሸነፉት አገር ከተማ እየቆረቆሩ ሰዎቻቸውን ያሰፍሩ እንደነበር አነበብኩ። ሰው እንዴት አገሩን ጥሎ ጠላቱ መሃል ለመኖር እሺ ይላል? ተገዶ ነው?

መልስ፦ ባብዛኛው ወዶ ነው። መሬት ነዋ! ማሳ የሌለው ድሃ ስሙን ያስመዘግባል፣ ሦስት ሹማምንት ይመሩታል፣ ቀያሾች መሬቱን ይሸነሽናሉ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ181 በሰሜን ጣሊያን አኲሊያ ስትቆረቆር እያንዳንዱ እግረኛ ወታደር በሮማውያን የመሬት መለኪያ 50 ዩጌራ ደረሰው፤ 12 ሄክታር ተኩል ገደማ ነው። የመቶ አለቃው 100፣ ፈረሰኛው ደግሞ 140 ወሰደ። እኩል ይሁን ያለ አልነበረም።

በነጻ ግን አይደለም። እንደ አኲሊያ ባሉ፣ ከሮም ዜግነት ያነሰው የላቲን መብት ብቻ በተሰጣቸው ከተሞች የሰፈረ ሮማዊ ዜግነቱን ያጣል። ሮም ወታደር ስትጠይቅም ከተማው ያዋጣል።

እኔ የምወደው የምሥረታውን ሥርዓት ነው። መሥራቹ በሬና ላም ጠምዶ የከተማዋን ዙሪያ ያርሳል፤ በሬው በውጭ፣ ላሟ በውስጥ በኩል። ጓሉ ወደ ውስጥ መገልበጥ አለበት። በር የሚከፈትበት ቦታ ሲደርስ ማረሻውን ብድግ አድርጎ ያልፋል። የታረሰው ቅዱስ ስለሆነ ቆሻሻም ሬሳም አያልፍበትማ!

አደጋውስ? ጠላት መሃል ያሉት ትክክል ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 ሮም በሰሜን ጣሊያን በሚኖሩት በጎላውያን መሬት ላይ ፕላኬንቲያንና ክሬሞናን መሠረተች፤ ለእያንዳንዳቸው 6,000 ሰፋሪ መደበች። ቦይ የሚባሉት ጎላውያን ወዲያው ሸፈቱ። መሬት ሊያከፋፍሉ የሄዱት ሹማምንት ሙቲና ወደምትባል ከተማ እግሬ አውጪኝ አሉ። በ200 ፕላኬንቲያ ተዘርፋ ተቃጠለች። ሮም ተወቻት? ኧረ ወዲያ! በ190 ለሁለቱ ከተሞች ሌላ 6,000 ቤተሰብ ተመደበ። ሰፋሪው እርሻውን ሲጠብቅ የሮምንም ድንበር ይጠብቅላት ነበርና።

በኋላ ነገሩ መልኩን ቀየረ። መሬቱ ያገለገለ ወታደር ጡረታ ሆነ። አውግስጦስ በጣሊያን ብቻ 28 እንዲህ ያሉ ከተሞች መሥርቻለሁ ብሎ ጽፏል። የመሬቱን ባለቤት ግን ብዙ ጊዜ የጠየቀው የለም። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ49 ብሪታንያ ውስጥ ካሙሎዱኑም ስትመሠረት፣ ጡረተኞቹ የአገሬውን ሰው ከቤቱም ከማሳውም አባረሩት። ከአሥር ዓመት በኋላ ግድም በሮም ላይ ያመፀችው የብሪታንያዊቷ ንግሥት ቡዲካ ሠራዊት መጣ። ከተማዋ ግንብ እንኳ ስላልነበራት፣ ሰፋሪዎቹ ቤተ መቅደስ ውስጥ ሁለት ቀን ከተከላከሉ በኋላ አለቁ።