«አባቴ ‹ምንም አልሆንኩም› እያሉ ይወድቃሉ»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ61 ዓመት አባቴን ከሦስት ወር በፊት ስትሮክ መታቸውና የግራ እጅና እግራቸው ደከመ። እሳቸው ግን «ምንም አልሆንኩም» ይላሉ። ብቻቸውን ሲነሱ ሁለት ጊዜ ወድቀዋል። ከትሪው በስተግራ ያለውን ወጥ ሳይነኩ «ወጡ አነሰ» ይላሉ። መኪና ልንዳም እያሉ ነው። የግፊት ኪኒናቸውን ከተዉ ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ ነጭ ሽንኩርት እየሰጠናቸው ነው። ቤተሰቡ እልኸኛ ሆኑ ይላል። እኔ ግን አእምሯቸውን እየሳቱ እንዳይሆን ፈራሁ።

መልስ፦ ይረጋጉ፤ የጻፉልኝ ነገር የእብደት ምልክት አይደለም። እልህም አይደለም። የግራ አካላቸው የደከመው የቀኝ አንጎላቸው ስለተጎዳ ነው። በግራ በኩል ያለውን ነገር ልብ የሚለውና የገዛ አካላችንን ሁኔታ የሚከታተለው በአብዛኛው ይኸው ወገን ነው። ስለዚህ አባትዎ ድካማቸውን አልደበቁም፤ አያውቁትም። ባቢንስኪ የተባለ የፈረንሳይ ሐኪም ለዚህ ችግር «አኖሶግኖሲያ» የሚል ስም ያወጣለት በ1914 እ.ኤ.አ. ነው። «እጅዎ እኮ አይሠራም!» ብሎ መሟገት ትርፉ ጠብ ነው። በብዙ ሕሙማን ላይ ግንዛቤው በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየተሻሻለ ይሄዳል።

ኪኒኑ ላይ ግን አልለሳለስም። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ነጭ ሽንኩርት ወጥ ያጣፍጣል እንጂ የግፊት መድኃኒትን አይተካም። ግፊት 180 ደርሶም ላይሰማ ይችላል፤ በጤነኛው ሰው እንኳ «ደህና ነኝ» ማለት ማስረጃ አይሆንም፣ ይልቁንም በእሳቸው! ስትሮክ ደግሞ ይደግማል። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደው ያስለኳቸው፤ ያለፈውን ለማካካስ ብለው ግን ኪኒን አይደርቡ። ፊታቸው ከትናንቱ የባሰ ከተጣመመ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ ቀኝ እጃቸው ከዛለ ወይም ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው ወዲያው ሆስፒታል ይውሰዷቸው። እሳቸውን «እንዴት ነዎት?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱን ያውቁታል። ፈገግ እንዲሉና ሁለት እጃቸውን እንዲያነሱ አድርገው በዓይንዎ ይዩ። «አስፕሪን ሰጥተን እስኪነጋ እንጠብቅ» የሚባለውን አልሰማም፤ አንጎል ውስጥ እየደማ ከሆነ አስፕሪኑ ያባብሰዋል።

አሁን ድካማቸውን ራሳቸው እንዲያስተውሉ ወደሚረዳ ልምምድ ልለፍ። እሳቸው ራሳቸው የሚፈልጉትን አንድ ሥራ ይምረጡ፤ ሸሚዝ መልበስ ይሁን። ከመጀመራቸው በፊት «አባዬ፣ የቱ ጋ ያስቸግርዎታል?» ይበሉ። «የትም» ይላሉ። ይልበሱ። ግራው እጅጌ ተንጠልጥሎ ሲቀር ዘለው አይግቡ፤ ትንሽ ይታገሱና «እንዴት ሆነ? ነገ በምን እንጀምር?» ብለው ይጠይቁ። «የደከመውን እጅ አስቀድሜ ላስገባ» የሚለውን ዘዴ ራሳቸው ካገኙት ከእርስዎ ምክር ይልቅ ይጸናል። ለምግቡ በትሪው ግራ ጠርዝ ቀይ ጨርቅ አስረው፣ ከመጉረሳቸው በፊት ቀዩን በዓይናቸው እንዲፈልጉ ያድርጉ። ፊዚዮቴራፒስታቸውም ይህንኑ መንገድ እንዲከተሉ ያማክሯቸው። መነሳትና መራመድን ግን በዚህ ዓይነት አይፈትኑ፤ ሁልጊዜ በግራቸው ሰው ይቁም።

የመኪናውን ቁልፍ ይደብቁ። ሐኪም እይታቸውንና ትኩረታቸውን ሳይመረምር መሪ አይጨብጡም። ከተቆጡ እኔ ከለከልኩ ይበሏቸው።