የዕለት ቃል ቆጠራና የአንድ ወር ልቦለድ

የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ጥያቄ፦ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ለዓመታት በሐሳቤ ሳብላላው የኖርኩትን ምናባዊ ልቦለድ ረቂቁን በአንድ ወር ለመጨረስ ወስኜ ጥቅምት 1 ቀን ጀመርኩ። ታሪኩ የሚፈጸመው ሰዎች ጥላቸውን አስይዘው ገንዘብ በሚበደሩባት ከተማ ውስጥ ነው። በውጭ አገር በአንድ ወር ልቦለድ የሚጽፉ ሰዎች ግባቸው 50,000 ቃል፣ በቀን ደግሞ 1,667 ቃል መሆኑን ስለ ሰማሁ ይህንኑ ቁጥር ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። እነሆ 11ኛው ቀን ተፈጸመ፤ የጻፍኩት ግን ገና 9,400 ቃል ነው። ማታ ማታ ስደምረው ወኔ ይከዳኛል። ቆጠራውን ብተወው ይሻለኛል? ደግሞም ግማሹን በደብተር፣ ግማሹን በኮምፒውተር ስለምጽፍ ቁጥሩ ራሱ እውነተኛ መሆኑን እጠራጠራለሁ። (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ቆጠራውን አይተዉት፤ ግቡን ግን ዛሬውኑ ያስተካክሉ። ከጠረጴዛዎ በላይ የለጠፉት ቁጥር የመጣው ክሪስ ቤቲ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1999 በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ከጀመረው የአንድ ወር የጽሕፈት ውድድር ነው። በመጀመሪያው ዓመት የተሳተፉት 21 ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ በሁለተኛው ዓመት ወሩ ከጁላይ ወደ ኖቬምበር ተዛወረ፤ ከዚያም ናኖራይሞ በሚል አጭር ስም በብዙ አገር ታወቀ። ተሳታፊዎች በየዕለቱ የጻፉትን የቃል ብዛት እየመዘገቡ ግራፋቸው ሲያድግ ያዩ ነበር። ውድድሩን የሚመራው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን እንደሚያቆም ቢያስታውቅም ቁጥሩ ግን በጸሐፊዎች ዘንድ እንደ ሕግ ተቆጥሮ ቀርቷል። ኖቬምበር በእኛ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት 22 ጀምሮ ኅዳር 21፣ በጽዮን ማርያም በዓል ዕለት የሚያበቃ ወር ነው። እርስዎ የራሳችንን ወር መምረጥዎ ምንም አያጎድልብዎትም፤ ከጳጉሜ በቀር ሁሉም ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ስሌቱ እንዲያውም ይቀላል።

ችግሩ ያለው ቁጥሩ በእንግሊዝኛ ለሚጽፉ ሰዎች የተቆረጠ መሆኑ ላይ ነው። አማርኛ ባለቤቱን፣ ተሳቢውን፣ አፍራሹንና መስተዋድዱን በአንድ ግስ ላይ ስለሚያስር «አልሰበርኩላትም» የሚለው አንድ ቃል በእንግሊዝኛ ስድስት ያህል ቃላት ይፈጃል። ስለዚህ እርስዎ በአማርኛ 50,000 ቃል ልጻፍ ሲሉ ከውድድሩ ተሳታፊዎች እጅግ የበለጠ ታሪክ በአንድ ወር ለመጻፍ ተዋውለዋል ማለት ነው። ለአማርኛ ረቂቅ 30,000 ቃል በቂ ግብ ነው ብዬ አምናለሁ። በሥራ ላይ ያለ መምህር ከዚህ በላይ ቢያቅድ እንቅልፉን ወይም የተማሪዎቹን የፈተና ወረቀት መበደሉ አይቀርም።

አሁን ሒሳቡን እንደገና እንሥራው። ግብዎ 50,000 ሆኖ ቢቀጥል ከፊትዎ 40,600 ቃል በ19 ቀን ይጠብቅዎታል፤ ይህም በቀን 2,137 ያህል ነው። እስካሁን በቀን በአማካይ የጻፉት 855 ያህል ስለሆነ ይህን ዕቅድ ይዞ መቀጠል በየማታው ራስን መክሰስ ብቻ ይሆናል። ግቡ 30,000 ሲሆን ግን የሚቀረው 20,600፣ በቀን ሲካፈል ደግሞ 1,084 ቃል ነው። ከእስካሁኑ አማካይዎ የሚበልጠው በ230 ቃል ገደማ ነው፤ ይኸም ከአንድ የደብተር ገጽ ተኩል አይበልጥም። ይህን አካፍሎ የማየት ሥራ በየዕለቱ ይድገሙት፤ የቀረውን ቃል ለቀረው ቀን ያካፍሉና የነገን ድርሻ ያግኙ። ወሩ ሲጀመር የተቆረጠውን የዕለት ድርሻ እስከ መጨረሻው ይዞ መጓዝ ያልተጻፈውን ሁሉ እንደ አራጣ ብድር ያከማቸዋል።

በደብተር የሚጽፉትን በተመለከተ ቃል በቃል መቁጠር አያስፈልግም። ሞልተው የጻፉባቸውን ሦስት ገጾች ይምረጡና ቃላቱን አንድ ጊዜ በትክክል ቆጥረው አማካዩን ይያዙ። ለምሳሌ ገጹ 22 መስመር ቢኖረውና በመስመሩ 7 ቃል ያህል ቢያርፍ አንድ ገጽ 154 ቃል ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚቆጥሩት ገጽ ብቻ ይሆናል። ወደ ኮምፒውተር ሲገለብጡት ግን ሁለተኛ እንዳይመዘግቡት ይጠንቀቁ፤ ግልበጣ አዲስ ጽሑፍ አይደለም። በኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ የቃል መቁጠሪያው የሚያውቀው በቃላት መካከል ያለውን ባዶ ቦታ መሆኑን ልብ ይበሉ። እንደ ቀድሞው ሥርዓት ቃላትን ያለ ባዶ ቦታ በሁለት ነጥብ ብቻ እየለዩ ከጻፉ መላው ዐረፍተ ነገር እንደ አንድ ቃል ሊቆጠር ይችላል፤ ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የመተው ልማድ ካለዎት ደግሞ ነጥቡ ራሱ ብዙ ጊዜ እንደ ቃል ይቆጠራል።

ስለ መዝገቡ ይዘት ትንሽ ላብራራ፤ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅመው እርሱ ነውና። በየዕለቱ ቀኑን፣ የጻፉበትን ሰዓት፣ የዕለቱን ቃልና ድምሩን ይመዝግቡ፤ ከዚያ በታሪኩ ውስጥ ዛሬ የተለወጠውን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ ነገ የሚጀምሩበትን ደግሞ በሌላ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። በእርስዎ ታሪክ ላይ የ12ኛው ቀን መዝገብ እንዲህ ሊመስል ይችላል፦ «ጥቅምት 12። ከሌሊቱ 11፡00 እስከ ንጋቱ 12፡30። 780 ቃል፤ ድምር 10,180። ልጅቱ የአባቷን ጥላ ከመያዣ ቤቱ ሰርቃ ወጣች፤ ጥላው ግን ቁመቷን በክንድ ይበልጣል። ነገ፦ የበሩ ዘበኛ ጥላውና ባለጥላዋ እንደማይመጣጠኑ ያያል።» በማግስቱ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጡ የሚያነቡት ያንን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገርና የትናንቱን የመጨረሻ አንቀጽ ብቻ ነው። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ እያነበቡ ማረም የተጀመረ ዕለት ቆጠራው መቆሙ አይቀርም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ የሰዋስው ስሕተት ይታለፍ።

የሰዓቱን ዓምድ እንደ ትርፍ ነገር እንዳያዩት። ከዐሥር ቀን በኋላ መዝገቡን ሲገልጡ ከንጋት በፊት በአንድ ሰዓት ተኩል የሚጽፉት ማታ ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ከሚጽፉት በልጦ ሊያገኙት ይችላሉ፤ ወይም የተገላቢጦሽ ሊሆን ይችላል። እንግሊዛዊው ደራሲ አንቶኒ ትሮሎፕ በፖስታ ቤት ተቀጥሮ እየሠራ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11፡30 ጀምሮ ይጽፍ ነበር። ሰዓቱን ከፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃል ከራሱ ይጠብቅ፣ በየዕለቱም የጻፈውን ገጽ በማስታወሻ ደብተር ይመዘግብ ነበር፤ የሰነፈበት ቀን ከነባዶነቱ ዓይን ዓይኑን እንዲያየው ይፈልግ እንደነበር ራሱ ጽፏል። አሜሪካዊው ደራሲ ኧርነስት ሄሚንግዌይ ደግሞ ራሱን ላለማታለል ሲል የዕለት ቃሉን በካርቶን ላይ ይጽፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 በታተመ ቃለ መጠይቅ ላይ ከሰፈሩት ቁጥሮች መካከል 450፣ 575፣ 462፣ 1,250 እና 512 ይገኛሉ። ከፍ ያለው ቁጥር በማግስቱ ያለ ጸጸት ዓሣ ለማጥመድ እንዲሄድ አብዝቶ የሠራበት ቀን ነው። የእርስዎ 855 ከነዚህ ቁጥሮች ከአብዛኞቹ ይበልጣል፤ ከግድግዳው ላይ መነሳት ያለበት 1,667 ነው።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስሆን የምጽፈው ሰባት መንግሥታት ስላሉበት የምናብ ዓለም ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ካርታ ሣልኩ፣ የነገሥታቱን የትውልድ ሐረግ አዘጋጀሁ፣ አስማቱ የሚሠራበትንና የማይሠራበትን ደንብ አወጣሁ፤ ትረካው ግን ከአራት ገጽ አላለፈም። ይህ ሁሉ ድካም በዕለት መዝገቤ ውስጥ እንደ ሥራ ይቆጠርልኛል? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ሥራ ነው፤ ከቃል ድምር ጋር ግን አይቀላቅሉት። ለዝግጅት ሥራ ሌላ ዓምድ ይክፈቱና በቃል ሳይሆን በደቂቃ ይመዝግቡት፤ በቀን ከ30 ደቂቃ እንዳያልፍም ወሰን ያብጁለት። እንዲህ የምለው ካርታ መሣል ጥቅም የለውም ብዬ አይደለም። ካርታ መሣል ደስ ይላል፤ ገጸ ባሕርይን አፋጦ ማናገር ግን ያስጨንቃል፤ ሰውም ጭንቀቱን ሸሽቶ ወደሚያስደስተው ያደላል። ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን ሲያዩ ሽሽቱ ከሦስት ቀን በላይ ሊደበቅዎ አይችልም።

የምናብ ዓለም ጸሐፊ ግን ሌላው ልቦለድ ጸሐፊ የማይቸገርበት ነገር አለበት። በከተማችን ላይ የሚጽፍ ሰው ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን አንባቢውም ያውቅለታል፤ የእርስዎን ሰባት መንግሥታት ርቀት ግን ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በትረካው መካከል የወሰኑትን ሁሉ፣ ማለትም መልእክተኛው በስንት ቀን እንደ ደረሰ፣ አስማተኛው ድግምቱን ሲደግም ምን እንደሚከፍል፣ የትኛው ንጉሥ አንድ ዓይና እንደሆነ፣ በዚያው ቀን በአንድ መስመር የውሳኔ መዝገብ ላይ ያስፍሩ። እግረኛ ጭነት ይዞ በቀን 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለው በ5ኛው ቀን ከወሰኑ በ22ኛው ቀን ያው ሰው ያንኑ መንገድ በግማሽ ቀን ሲጨርሰው መዝገቡ ይይዝዎታል። ደንቡን አስቀድሞ በ40 ገጽ ከመጻፍ ትዕይንቱ ሲጠይቅ መወሰኑ ይሻላል፤ ከትዕይንቱ በፊት ከሚወጣው ደንብ አብዛኛው በታሪኩ ውስጥ ሥራ ሲሠራ አይታይም።

የስም አጻጻፍን ነገር አደራ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ በድምፅ አንድ ስለሆኑ ንግሥቲቱ በሁለተኛው ምዕራፍ «ሠናይት»፣ በዘጠነኛው «ሰናይት» ሆና ብትገኝ የኮምፒውተሩ መፈለጊያ ሁለት ሰዎች አድርጎ ያያታል። በውሳኔ መዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ስም አንድ አጻጻፍ ይወስኑ። ስም እስኪመጣልዎት ድረስ ደግሞ ቁጭ ብለው አይጠብቁ፤ በየትኛውም ቃል ውስጥ የማይገኝ ምልክት፣ ለምሳሌ «ፐፐፐ» ብለው ይለፉ፤ ወሩ ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ ፈልገው ሁሉንም ይሞሉታል።

ጥያቄ፦ በሰው ቤት ተቀጥሬ እሠራለሁ፤ የምጽፈው ሌሊት፣ በስልኬ ላይ ነው። እንግዳ በበዛበት ሰሞን ሁለትና ሦስት ቀን ምንም ሳልጽፍ ያልፋል፤ እነዚያን ቀኖች ከመዝገቤ ልዝለላቸው? ያልወደድኩትን ስሰርዝስ ከድምሩ ልቀንስ? ጓደኞቼ ደግሞ የዕለት ቁጥሬን በቴሌግራም ቡድናችን እንዳሳውቅ ይመክሩኛል። (ከዱባይ)

መልስ፦ ያልጻፉበትን ቀን አይዝለሉት፤ ዜሮ ብለው ይጻፉና ምክንያቱን በሁለት ቃል ያክሉ፤ «እንግዳ ነበር» ብሎ የተጻፈ ዜሮ ከባዶ መስመር ይልቅ ለዕቅድ ይጠቅማል። እንግዳ ሳይኖር ሦስት ዜሮ ከተከታተለ ግን ነገሩ የጊዜ እጥረት ላይሆን ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ ገጸ ባሕርይዋ ቀጥሎ ምን እንደምትፈልግ ጸሐፊዋ ሳትወስን መቅረቷ ነው። ያን ዕለት ትረካውን ትተው «አሁን ምን ትፈልጋለች? ማን ይከለክላታል?» የሚሉትን ጥያቄዎች በስልክዎ ላይ ይመልሱ።

ስለ መሰረዝ፦ በዚህ ወር ምንም አይሰርዙ። ያልወደዱትን አንቀጽ ቆርጠው በፋይሉ መጨረሻ «የተነሳ» በሚል ርእስ ሥር ያኑሩት። ከድምሩ አይቀነስም፤ በእርግጥ የጻፉት ነውና። በ8ኛው ቀን ያነሱት ንግግር በ25ኛው ቀን ለሌላ ገጸ ባሕርይ ሲሆን ያዩት ይሆናል።

በቡድን ማሳወቁን በተመለከተ እኔ ብዙም አልደግፈውም። ሃምሳ ሰው በሚገኝበት ቡድን ውስጥ ቁጥር ሲነገር ሌላው 2,000 ጻፍኩ ማለቱ አይቀርም፤ እኩለ ሌሊት ላይ ዐርፎ 300 ቃል የሚጽፍ ሰው ደግሞ ያን ሰምቶ ቢያፍር አይፈረድበትም፤ የሁለቱም ኑሮ ግን አንድ አይደለም። አንዲት የሚያምኗትን ጓደኛ ይምረጡና «ዛሬ ጽፌአለሁ» ወይም «ዛሬ አልጻፍኩም» ብለው ብቻ ይላኩላት። በ300 ቃል አማካይ በወር 9,000 ቃል ይደርሳሉ፤ ግብዎን በዚያው ልክ አድርገው ታሪኩን ወደ ሦስት ወር ቢዘረጉት 27,000 ይሆናል፤ ይህም ለአማርኛ ረቂቅ ጥሩ መጠን ነው። በየሌሊቱ የጻፉትን ከመተኛትዎ በፊት ለራስዎ በቴሌግራም ወይም በኢሜል ይላኩ፤ ስልክ ይወድቃል፣ ይሰረቃል፣ ውኃ ይገባበታል፤ የተላከው ግን ከሌላ ስልክ ተከፍቶ ይነበባል።